ፕሮፔለሩ ከመዞሩ በፊት

ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ውስጥ ከጎን የተቀመጠን ሰው ለማናገር መጮህ ያስፈልጋል። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ደግሞ ቢጮህም የሚሰማው የለም። አዋቂዎቹ ሄድሴታቸውን ሳይጭኑ ሞተር ስለማያስነሱ ጩኸቱ ምን ያህል እንደሆነ በጆሯቸው አያውቁትም። አጠገባቸው ጆሮዋን ገልጣ የተቀመጠች የሁለት ዓመት ልጅ በመስኮት ቁልቁል እያየች ስትስቅ ግን "አየሃት እንዴት ደስ እንዳላት!" ይባባላሉ። ደስ ብሏት ይሆናል። ጆሮ ሲጎዳ የግድ አያምም። ድምፅ እንደ ሕመም የሚሰማን ከ120 ዴሲቤል በላይ ሲደርስ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ምንም ሳያስለቅስ ይጀምራል።

ሥራዬ ጆሮ መመርመር ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ ክሊኒክ ውስጥ፣ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ተቀምጬ "ድምፅ ሲሰማሽ እጅሽን አንሺ" እያልኩ እውላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ የግል አብራሪነት ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ባለ ቅዳሜ ቤት አይገኝም። ከማናሳስ አየር ማረፊያ ሴስና 172 ይከራይና በዋሽንግተን ዙሪያ ያለውን ጥብቅ የበረራ ክልል እንደ ደንቡ አልፎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። ታንጂየር የምትባለውን ደሴት ይወዳታል። በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስባት፣ ነዋሪዎቿ ከባሕር ሸርጣን እያጠመዱ የሚኖሩባት ትንሽ ደሴት ናት፤ መንገዱ በአየር አንድ ሰዓት አይሞላም። ልጃችን ሁለት ዓመት ሲሞላት "እሷንም እንውሰዳት" አለኝ።

"ጆሮዋንስ?" አልኩት።

"ያው ሄድሴት እናደርግላታለና!"

የእሱን ሄድሴት አምጥቼ ጭንቅላቷ ላይ ባደርገው አገጯ ድረስ ወርዶ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ጉዳዩ ግን ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

መለኪያ ያላየሁትን ነገር ስለማላምን፣ ልጅቷን ከመውሰዳችን በፊት የድምፅ መለኪያ ይዤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬው በረርኩ። ለመነሳት ሲንደረደር መለኪያው ወደ 97 ዴሲቤል ወጣ፤ ከፍታው ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ሲበርም 90 አካባቢ ሆኖ ቆየ። ከመስኮቱ ጥግ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ስከፍታት ቁጥሩ እንደገና ጨመረ። የሞተሩን ዙር በደቂቃ ከ2500 ወደ 2300 ሲያወርደው ደግሞ ትንሽ ረገብ አለ። ሌላ ሴስና ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ የበሩ ጎማ ያረጀ እንደሆነ ነፋሱ ብቻ ራሱን የቻለ ጩኸት ነው። መሣሪያ ለሌለው ሰው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ኒዮሽ የሚባለው፣ ለአይፎን ያዘጋጀው ነጻ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ አለ። ለግምት ያህል ይበቃል።

90 ዴሲቤል ምን ማለት ነው? የዴሲቤል ስሌት እንደ ኪሎና እንደ ሜትር አይደለም። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጆሮ ላይ የሚያርፈው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጆሮ የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ኒዮሽ ለሠራተኞች ያስቀመጠው ገደብ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ 88 ከሆነ አራት ሰዓት፣ 91 ከሆነ ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ብዙ አብራሪዎች ይህን ቁጥር ያውቁታልና "አንድ ሰዓት ብንበር ምን አለበት?" ይላሉ። ነገር ግን ገደቡ የወጣው ለአዋቂ ሠራተኛ ነው። ያውም ተቋሙ ራሱ እንደሚያምነው፣ በዚህ ገደብ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ከሠሩ 100 ሰዎች ውስጥ 8ቱ ያህል በሥራው ምክንያት የመስማት ጉዳት ይደርስባቸዋል። ለሠራተኛ "ይሁን" ተብሎ የታለፈውን ለሕፃን ማን ይሁን ይላል?

ለልጅ የሚቀርበው ልኬት ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መስፈርት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ብሎ አስቀምጧል። መስፈርቱ የወጣው ለስልክና ለሙዚቃ ማጫወቻ ቢሆንም ጆሮ ድምፁ ከዘፈን ይምጣ ከሞተር አይለይም። እንግዲህ እናስላ፦ 75 ላይ 40 ሰዓት የተፈቀደላት ልጅ 90 ላይ የሚደርሳት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ታንጂየር ደርሶ መልስ ይህን ያልፋል። የሳምንቱ ድርሻዋ በአንድ ቅዳሜ አለቀ ማለት ነው፤ የቴሌቪዥኑ፣ የመኪናው፣ የልደት ግብዣው ሙዚቃ ገና ሳይቆጠር።

የሚጎዳው ከታምቡሩ ወዲያ፣ ከውስጠኛው ጆሮ ነው። እዚያ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ጠምዛዛ አካል ውስጥ በየጆሯችን 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። የወፍ ሕዋሳት ሲሞቱ ይተካሉ፤ የሰው ግን አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ጩኸት የሚመታው አስቀድሞ ከፍተኛ ድምፆችን፣ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን የሚሰሙትን ነው። ሰው ሲናገር ሰ፣ ፈ፣ ተ የሚሉት ቀጫጭን ድምፆች የሚገኙት ወደዚያው ነው። አዋቂ ሰው እነዚህ ቢያመልጡትም ቋንቋውን ስለሚያውቀው በግምት ይሞላቸዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ቋንቋውን ገና እየለቀመች ነው፤ የእኛዋማ ቤት በአማርኛ፣ መዋያዋ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት ቋንቋ ነው የምትለቅመው። በአይጦች ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የታወቀ ጥናት ደግሞ፣ ከጩኸት በኋላ ምርመራው "ደህና ነው" ብሎ እያሳየ እንኳ ጆሮን ከነርቭ የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች ተበጥሰው ሊቀሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። "ጆሮዬ ትንሽ ጭው ብሎብኝ ነበር፣ አሁን ተሻለኝ" የሚለውን ንግግር ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አላልፈውም።

አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ቤታችን ሰንብተው ነበርና ነገሩን ሲሰሙ "ልጄ፣ ጥጥ ብትወትፊላትስ?" አሉኝ።

"እማዬ፣ ጥጥ ብርድ ይከለክል ይሆናል እንጂ ድምፅ አይከለክልም።"

እውነትም ጥጥ ከዚህ ግባ የሚባል አይቀንስም። በየፋርማሲው የሚሸጠው በጣት ተጠቅልሎ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ ለአዋቂ ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን አይሆንም። የልጅ የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ በቅጡ አይገባም፤ ካልገባ ደግሞ አይከላከልም። አውጥታ አፏ ውስጥ ከከተተችውማ ሌላ ጣጣ ነው፣ ያንቃታል። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የቀረው ጆሮን ከውጭ ሙሉ በሙሉ የሚከድነው፣ ሁለት ሳህን በቅስት የተያያዘው የጆሮ መሸፈኛ ነው። በልጅ ልክ ይሠራል፣ ዋጋውም ከአብራሪ ሄድሴት ጋር አይወዳደርም።

ሱቅ የገባ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤንአርአር፣ አውሮፓ ውስጥ ኤስኤንአር ይባላል፤ 22፣ 25፣ 30 እያለ ይሄዳል። ወላጅ ትልቁን ቁጥር ያነሳና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የተገኘው በቤተ ሙከራ፣ አዋቂ ሰዎች አርፈው ተቀምጠው፣ ባለሙያ እያስተካከለላቸው ነው። በጥንቃቄ ለሚያሰላ ሰው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚመክረው ዘዴ አለ፦ ከኤንአርአሩ ላይ 7 ቀንስ፣ የቀረውን ለሁለት ክፈል። 25 የተጻፈበት መሸፈኛ በዚህ ስሌት 9 ብቻ ይቀንሳል። 90 የነበረው 81 ሆነ ማለት ነው። 81 ላይ ደግሞ በልጆቹ መስፈርት በሳምንት አሥር ሰዓት ይፈቀዳል፤ ለቅዳሜ አብራሪ ቤተሰብ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ መካከለኛው መሸፈኛም ሥራውን ይሠራል። ዋናው ነገር ጆሮዋ ላይ መቆየቱ ነው።

ሂሳቡን ላሳይ። መሸፈኛው በትክክል 20 ዴሲቤል ይቀንሳል እንበል፤ በረራው አንድ ሰዓት ነው። ልጅቷ ለስድስት ደቂቃ ብቻ አውልቃ ብትይዘው፣ ከጠቅላላው በረራ ያገኘችው ጥበቃ ከ10 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። ግማሹን ጊዜ ካወለቀችው 3 ዴሲቤል ብቻ ይቀራታል፤ 20 የነበረው፣ 30ም ቢሆን፣ ያው 3 ነው። በስድስቱ ደቂቃ ያለ መከላከያ የገባው ኃይል፣ በቀሪው ሃምሳ አራት ደቂቃ በመሸፈኛው በኩል ሾልኮ ከገባው ሁሉ ይበልጣልና። ስለዚህ ውድ ሆኖ ልጁ እየጎተተ ከሚያወልቀው ይልቅ ቁጥሩ አነስ ብሎ ልጁ ረስቶት የሚተኛበት ይሻላል። ምረጪ ብባል ያለምንም ማመንታት የምወስደው ይህን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ግጥምጥሙ ነው፤ እዚህ ላይ የሐበሻ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። አማቴ የልጅ ልጃቸውን ሹሩባ ሠርተውላት ነበር፣ ከግንባሯ ጀምሮ በጆሮዋ ላይ አልፎ ወደ ማጅራቷ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ ጨሌ ያለው። በጣም አምሮባታል። መሸፈኛውን ሳደርግላት ግን የሳህኑ ትራስ በጉንጉኖቹ ላይ ተንጋለለ፤ በትራሱና በቆዳዋ መካከል ትንሿ ጣቴ የምታልፍበት ክፍተት ቀረ። ድምፅ ደግሞ የሚያልፍበት ቀዳዳ ትልቅ መሆን የለበትም። በዚያች ቀዳዳ በተለይ የሞተሩ ወፍራም ድምፅ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ለበረራ ሰሞን ሹሩባዋ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከአናቷ ላይ ይታሰራል፣ ጆሮዋ ዙሪያ ባዶ ቆዳ ብቻ ይቀራል። ጉትቻዋም ይወልቃል። የመነጽር ጆሮና የሹራብ ባርኔጣም ያው ናቸው፤ ባርኔጣ ግዴታ ከሆነ ከመሸፈኛው በላይ ይደረጋል እንጂ ከሥሩ አይደረግም። መሸፈኛውን ካደረግሁላት በኋላ ሌባ ጣቴን በትራሱ ዙሪያ አዞራለሁ፤ ፀጉር ካለ ጠርጌ አወጣለሁ፣ የጆሮዋ ጫፍ ተጣጥፎ ከሆነ አቃናለሁ። ትራሱ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ይቀየራል። በብርድ ጊዜ ስፖንጁ ስለሚደርቅ መሸፈኛውን ከቤት ስንወጣ ካፖርቴ ውስጥ ይዤው ነው የምሄደው።

ማለማመዱ ቤት ነው የሚያልቀው። አየር ማረፊያ ደርሶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ አይታ የማታውቀውን ነገር ጭንቅላቷ ላይ ብንጭንባት ታወልቀዋለች፤ እኔም ብሆን አወልቀዋለሁ። እኛ ቤት በቡና መፍጫው ጀመርን። አማቴ ቡና ሊፈጩ ሲነሱ ልጅቷ ሮጣ መሸፈኛዋን ታመጣለች፣ እሳቸውም ሳቃቸውን እየዋጡ የእኔን ይጭናሉ፣ አሻንጉሊቷም የጨርቅ መሸፈኛ ታስራለች። ከዚያ በቫኩም፣ ከዚያ ጓሮ ሣር ሲታጨድ። መጀመሪያ ለአፍታ፣ በኋላ የተረት መጽሐፍ ተነቦ እስኪያልቅ። ሕጉ አንድ ነው፦ ፕሮፔለሩ ከመዞሩ በፊት ይለበሳል፣ ቆሞ ዝም ካለ በኋላ ይወልቃል፤ አባቷም እኔም ጭምር። አሁን ገና ከማናሳስ አጥር ውስጥ ስንገባ ራሷ ትጠይቃለች። ጥሩ ነው፤ አውሮፕላኖቹ የቆሙበት ሜዳ ላይ የጎረቤት ሞተርም፣ ሄሊኮፕተርም ይጮኻልና።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያየውም። የሕፃን ወንበር ከጭንቅላት ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ ክንፎች አሉት። ልጅ እንቅልፍ ሲወስዳት ጭንቅላቷ ወደ አንዱ ወገን ይወድቃል፣ ክንፉ ሳህኑን ይገፋና ከጆሮዋ ላይ ያነሳዋል። ከፊት ያለው አብራሪ ዞር ብሎ ቢያይ መሸፈኛው ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ ነው። ለዚህ ነው ከኋላ አጠገቧ የምቀመጠው፤ በተኛች ጊዜ እጄ ሳህኑ ላይ ነው። ወንበሩን ግን ለመሸፈኛው ብዬ አልተውም። የአሜሪካ ሕግ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ እንዲያዝ ቢፈቅድም የአቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት ራሱ የሚመክረው ወንበሩን ነው፤ እኔም በዚህ አልከራከርም።

ስለ ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ልጨምር፣ ሄድሴት ለሚገዛ ሰው ይጠቅማልና። የሴስናው ፕሮፔለር ሁለት ምላጭ አለው፤ በደቂቃ 2400 ሲዞር በሰከንድ 40 ዙር፣ ማለትም 80 ጊዜ አየሩን ይቆርጣል። ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተርም በዚያው ፍጥነት በሰከንድ 80 ጊዜ ያቃጥላል። 80 ኸርዝ ደረት ውስጥ የሚሰማው ጉምጉምታ ነው፤ ተራ መሸፈኛ ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ሲያስቀር በዚህኛው ይደክማል። ተቃራኒ ድምፅ እየፈጠረ ጉምጉምታውን የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክ ሄድሴት የተሠራው ለዚህ ነው። አማር ቦዝ የሚባለው የኤምአይቲ መምህር ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ሲበር፣ አየር መንገዱ በሰጠው ማዳመጫ ሙዚቃ አልሰማ ብሎት ነው ይባላል፤ ለአብራሪዎች ገበያ ላይ የዋለው በ1989 ነው። ለታዳጊ ልጅ ግን ይህ ቅንጦት ነው፣ ልኩም ብዙ ጊዜ የአዋቂ ነው። በልኳ የሆነ ተራ መሸፈኛ፣ ከአገጯ ከሚወርድ ውድ ሄድሴት በስንት እጅ ይበልጣል።

ልጅ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ማይክሮፎን ያለው የልጆች ሄድሴት መሞከር ይቻላል። ዴቪድ ክላርክን የመሳሰሉ የአብራሪ ሄድሴት ሠሪዎች በልጅ ልክ ያወጣሉ። ትልቁ ጥቅሙ ልጁ የወላጁን ድምፅ መስማቱ ነው፤ በተራ መሸፈኛ ውስጥ ሆኖ አፋችን ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚያይ ልጅ ይፈራል ወይም ይሰለቻል። ጣጣው ደግሞ ልጁም መናገሩ ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው ለባለቤቴ የማረፊያ መመሪያ እየሰጠው፣ ልክ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ፣ ከኋላ "አባቢ! ላም! ላም አየሁ!" የሚል መጣ። ለዚህ መድኃኒቱ አብዛኞቹ የድምፅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች ላይ ያለው፣ አብራሪውን ከተሳፋሪዎች የሚለየው ቁልፍ ነው። ሌላው ጥንቃቄ የድምፅ መጠኑ ነው። በሄድሴቱ የሚገባው የሬዲዮ ወሬና የልጆች መዝሙር በራሱ ጩኸት ሊሆን ይችላል፤ ጠባብ የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ያው ድምፅ ከአዋቂ ጆሮ ይልቅ ይበረታል። መቆጣጠሪያውን ከዜሮ ጀምሬ፣ ልጅቷ ጥያቄ ስትመልስልኝ አቆማለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

ከስድስት ወር በታች ላሉት የእኔ አቋም ቀላል ነው፤ ለሽርሽር አይወሰዱም። አማቴ "መሸፈኛው ጭንቅላቷን አይጫናትም?" ሲሉኝ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ልጅ አይጫንም፣ እርግብግቢቱ ላልጠነከረ፣ አንገቱ ጭንቅላቱን ለማይሸከም ጨቅላ ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የግድ መብረር ካለበት በአናት ላይ የሚያልፍ ጠንካራ ቅስት ሳይሆን ዙሪያውን የሚታሰር ለስላሳ ጨርቅ ያለው መሸፈኛ አለ፤ ሐኪሙን ሳያማክሩ ግን አይሆንም።

ጩኸቱ አንድ ነገር ነው፣ ግፊቱ ሌላ። ወላጆች ሁለቱን ይቀላቅሏቸዋል፤ መሸፈኛ የጆሮ መደፈንን አይከላከልም። ከመካከለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ቱቦ በልጆች ላይ አጭርና ወደ አግድም ያዘነበለ ስለሆነ በቀላሉ አይከፈትም። ስንወጣ አየሩ ራሱ ገፍቶ ይወጣል፣ ስንወርድ ግን መዋጥ ያስፈልጋል። እንደ ሴስና ያለ አውሮፕላን ካቢኑ ግፊት አይሞላለትም፤ ስለዚህ ጆሮ የሚወርደው አውሮፕላኑ በሚወርደው ልክ ነው። አብራሪዎች በደቂቃ 500 ጫማ መውረድ ይለምዳሉ። ባለቤቴ ልጅ ሲይዝ ቀደም ብሎ ጀምሮ በ300 ይወርዳል። እኔም መውረድ ሲጀምር የተኛችውን እቀሰቅሳለሁ፣ የተኛ ልጅ ብዙ አይውጥምና። ውኃ በቀሰም ትጠጣለች፤ ለጨቅላ ጡት ወይም ጡጦ ነው። ጉንፋን የያዛት ወይም ጆሮዋን ያመማት ሰሞን አንሄድም። ታንጂየር የትም አትሄድም።

ይህ የግፊት ነገር ለአገራችን ሰው ለየት ያለ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይደረጋል፤ እንደ ቦይንግ 787 ባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል ነው፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሳ ልጁ ምንም አይለው፣ ዱባይ ወይም ጅዳ፣ ባሕር ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግን ይነፋረቃል፤ ወላጅም "ስንነሳ ደህና ነበር እኮ" ይላል። በትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ 500 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ጋምቤላ ለሚወርድ ልጅ ደግሞ ጆሮው ከ1,800 ሜትር የማያንስ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ወደ ኦሞ ሸለቆ ጎብኚ በሚያመላልሱት እንደ ሴስና ካራቫን ባሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ከመሳፈሩ በፊት ለልጅ የሚሆን መሸፈኛ ይኑር አይኑር ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚታደለው የአዋቂ ነውና የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል። በትልቁ አውሮፕላንስ ለሚለኝ ሰው፣ ድምፁ ከትንሹ ዝቅ ያለ ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሚበር ሕፃን መሸፈኛው ለእንቅልፉም ይጠቅማል።

ከበረራ በኋላ ልጅ "ጆሮዬ ጭው አለ" አይልም። ከኋላዋ ስትጠራ ካልዞረች፣ ቴሌቪዥኑን ጨምሩ ካለች፣ ጆሮዋን ደጋግማ ከጎተተች፣ ንግግሯ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወደ ምርመራ መውሰድ ነው። ምንም ምልክት ባይኖርም ዘወትር ለሚበር ቤተሰብ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ብትታይ አልጠላም። ለትንንሾቹ እጅ አንሺ አንልም፤ ለስላሳ ጫፍ ያለው መመርመሪያ ጆሮዋ ውስጥ ይገባና ቀጭን ድምፅ ይለቃል፣ ጤነኛ ከሆኑ ሕዋሳቱ መልሰው የሚያሰሙትን ድምፅ ማሽኑ ይቀዳል። ልጁ ካልተንጫጫ ለሁለቱም ጆሮ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ከምሳ በኋላ ባለው የእንቅልፍ ሰዓት ቀጠሮ መያዝ ደግሞ ሥራችንን ያቀልልናል።